የቱን በር ከፍቼ ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ላኪዋን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ትቻለሁ።

«ጋሼ፣ 29 ዓመቴ ነው። ጌታን ከተቀበልኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት የምሠራበት ሱቅ ቤቱ ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቋሚ ሥራ የለኝም። ሽማግሌ ሊልክ ቀን የቆረጠው እጮኛዬም ምክንያቱን ሳይነግረኝ ራቀ። ሌሊት ዱካክ ይጫነኛል። ዓይኔ ይገለጣል፣ እጄን ማንቀሳቀስ ግን ያቅተኛል። በሩ አጠገብ የቆመ ጥላ አያለሁ። አንድ የነጻ መውጣት ፕሮግራም ላይ ያገለገለኝ ነቢይ ‹በር ከፍተሻል፤ ከአያትሽ የመጣ የዘር መንፈስ አለ፤ ቤትሽ የምትመጣ ጠይም ሴት አስራሻለች› አለኝ። ቤቴ የምትመጣ ሴት ያሳደገችኝ አክስቴ ብቻ ናት። ለፋሲካ ድፎ ጋግራ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይዛልኝ መጣች። በር ላይ ተቀብዬ መለስኳት። ድፎውን ሳልቆርሰው ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አላነሳም። አሁን ደግሞ ሰንሰለቱ እንዲበጠስ 50 ሺህ ብር ‹ዘር› እንድዘራ፣ ማለትም መባ አድርጌ እንድሰጥ፣ ተነግሮኛል። በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይደርሰኛል። 21 ቀን ጾሜአለሁ። በሳምንት ሦስት ሌሊት አዳር ጸሎት እገባለሁ። ምንም አልተለወጠም። ጌታ የመጣው ሕይወት እንዲበዛልን ከሆነ የእኔ የት አለ? የቱን በር ከፍቼ ነው? አንዳንዴ ማታ ስተኛ ‹ባልነጋ› እላለሁ።»

እህቴ፣

ከመጨረሻዋ መስመርሽ ልጀምር። «ባልነጋ» ያልሽው ደብዳቤሽን አጥፌ ካስቀመጥኩ በኋላም አልለቀቀኝም። ይህን ሐሳብ ብቻሽን አትያዢው። ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ለምታምኚው ለአንድ ሰው በአፍሽ ንገሪው። ሐሳቡ የሚደጋገም ከሆነ፣ ወይም እንዴት እንደምታደርጊው ማሰብ ከጀመርሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። ሰው ይዘሽ ሂጂ። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። እዚያ መሄድ እምነት ማነስ አይደለም።

ኤልያስም እንዳንቺ ብሏል። ከሰማይ እሳት ሲወርድ ያየ ነቢይ ብዙም ሳይቆይ በረሃ ገብቶ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር ምን እንዳደረገለት 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢው። አልገሠጸውም። የቱን በር ከፍተህ ነው አላለውም። ኤልያስ ተኛ። መልአክ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ ደግሞ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የደከመ ሰው መጀመሪያ እንቅልፍና እንጀራ እንደሚያስፈልገው ፈጣሪው ያውቃል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ።

የጠቀስሽው ቃል ዮሐንስ 10፥10 ነው። «ሌባው ሊሰርቅና ሊያርድ ሊያጠፋም እንጂ ስለ ሌላ አይመጣም፤ እኔ ሕይወት እንዲሆንላቸው እንዲበዛላቸውም መጣሁ።» ይህን ጥቅስ ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን። ከእሱ በፊት ያለውን ቁጥር ግን እናልፈዋለን። ቁጥር 9 ላይ ጌታ «በሩ እኔ ነኝ» ይላል። በእኔ የሚገባ ይድናል፣ ይገባል ይወጣል፣ መሰማሪያም ያገኛል ይላል።

አንቺ ወራት ሙሉ በር ስትፈልጊ ከረምሽ። ምናልባት የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ምናልባት አያቴ ናት፣ ምናልባት ከማመኔ በፊት ነው እያልሽ። ገጠር ያደገ ሰው በረት ያውቃል። ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ በሩ ላይ እሾህ ይደፋበታል። ጌታ ግን እሾህ አልደፋም። ራሱ በሩ ላይ ቆመ። ወደ አንቺ የሚመጣ ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። አንቺም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በረቱ ውስጥ ነሽ። አያትሽ በሕይወት ዘመኗ ያደረገችው ነገር ከዚህ በር አይሰፋም።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ምዕራፍ ብቻውን አልቆመም። ምዕራፍ 9 ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አለ። ደቀ መዛሙርቱ ሲያዩት የጠየቁት ያንቺኑ ጥያቄ ነው። ማን ኃጢአት ቢሠራ ነው? እሱ ወይስ ወላጆቹ? ኢየሱስ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ከዚያ ዓይኑን አበራለት። የሃይማኖት አለቆቹ ደግሞ «ሁለንተናህ በኃጢአት ተወለድህ» ብለው ወደ ውጭ አወጡት። የበጎቹ ንግግር የቀጠለው እዚያው፣ ለእነዚሁ ሰዎች ነው። ስለዚህ ሌባ ሲል ሰይጣንን ብቻ አይመስለኝም። በሩን ትቶ በሌላ በኩል የሚዘልልም አለ። ለበጎቹ የማይገደው ሞያተኛም (ለደመወዝ የተቀጠረ እረኛ) አለ። ያገለገለሽን ሰው አላውቀውም፣ በልቡም ያለውን አላውቅም። ግን አንዲት በግ ከአንድ ሰው ዘንድ ስትወጣ ከገባችበት ይልቅ ፈርታ፣ ከዘመዷ ተለይታና የኪስዋ ተቆጥሮ ከሆነ፣ እረኛ አላገኘችም ለማለት አልፈራም።

ይህን ስል መንፈሳዊ ውጊያ የለም እያልኩ እንዳይመስልሽ። አለ። በክፉ መንፈስ የተያዘ ሰው አይቻለሁ፣ በኢየሱስ ስም ነጻ ሲወጣም አይቻለሁ። የኔ ጥያቄ ውጊያው የት ነው የሚለው ነው።

ጳውሎስ ስለ መንፈሳዊ ዕቃ ጦር (ኤፌሶን 6) የጻፈላቸው ኤፌሶኖች ናቸው። ኤፌሶን ማለት የአስማት ከተማ ነበረች። ሐዋርያት ሥራ 19 ላይ ያመኑት ሰዎች የጥንቆላ መጽሐፋቸውን ሰብስበው በአደባባይ አቃጠሉ። ዋጋው ሲታሰብ፣ በዚያ ዘመን የብር ሳንቲም፣ 50 ሺህ ብር ሆነ ይላል። (ቁጥሩ ከተጠየቅሽው ጋር አንድ መሆኑ ገርሞኛል። እነሱ ግን አቃጠሉት እንጂ ለማንም አልከፈሉትም።) መተት በየቤቱ ለነበረባት ለዚያች ከተማ ጳውሎስ ምን ብሎ ጻፈ? ማን እንዳሰረሽ ፈልጊ አላለም። የአያቶችሽን ታሪክ ቆፍሪ አላለም። መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለም አለ። ደምና ሥጋ ማለት ሰው ነው። አክስትሽ ናት። የትኛውም አገልግሎት ጠላትሽን የአንዲት ሴት መልክ ከሰጠው ከጳውሎስ ተለይቷል።

ዕቃ ጦሩንም እይው። እውነት፣ ጽድቅ፣ የሰላም ወንጌል፣ እምነት፣ መዳን፣ የእግዚአብሔር ቃል፣ ጸሎት። የሚሸጥ የለበትም። ይህን ሲጽፍ ጳውሎስ ራሱ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ይበጠስልኝ ብሎም አልለመናቸውም፤ ወንጌልን በድፍረት እንድናገር ጸልዩልኝ አለ።

ዲያብሎስ በር የሚያገኘው በምንድን ነው ካልሽኝ፣ እዚያው ደብዳቤ ላይ ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሽ። ኤፌሶን 4፥26-27። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ፥ ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት።» ፈንታ ማለት ድርሻ ነው፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ። ያ ቦታ ሳይታረቁ ማደር ነው። ከፋሲካ ወዲህ በአንቺና በአክስትሽ መካከል ስንት ፀሐይ ገባ?

ይህን ልከስሽ አይደለም የጻፍኩት። መክሰስ የሌላው ሥራ ነው፤ ራእይ 12፥10 የወንድሞቻችን ከሳሽ ይለዋል። ፈርተሽ ነው ያደረግሽው። ግን «የቱን በር ከፈትኩ» ብለሽ በጨለማ ስትዳብሺ የነበረውን፣ እኔ በደብዳቤሽ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ክፍት ቦታ ይኸው ነው። የሚዘጋውም ወደ አክስትሽ በመሄድ ነው።

ስለ ጠይሟ ሴት። እህቴ፣ በዚህ አገር ጠይም ሴት የማትገባበት ቤት የታል? ትንቢትን አትናቁ የተባለውን እኔም አልንቅም። ግን ከሱ ቀጥሎ «ሁሉን ፈትኑ» ይላል። ሃያ ምናምን ዓመት ያየሻት አክስትሽና አምስት ደቂቃ ያነጋገረሽ ሰው ቃል ሲጋጩ፣ መፈተን ያለበት የትኛው ነው? እሷ ስትታመሚ ማታ የተቀመጠች ሴት ናት። ይህን አንቺ አልጻፍሽልኝም፤ ግን ያሳደገችሽ ካልሽኝ አውቀዋለሁ።

እኔም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለሁም። ወጣት ሆኜ በአንድ የጸሎት ቡድን ሳገለግል፣ ልጇ የሞተባትን እናት «ቤትሽን መርምሪ፤ የገባበት ነገር አለ» አልኳት። ቅንዓት መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ምንም አልመለሰችልኝም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ያችን ነጠላ እስከ ዛሬ አያታለሁ። ከዓመታት በኋላ ፈልጌ አግኝቻት ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር አለችኝ። ነገር ግን እነዚያን ዓመታት ራሷን ስትመረምር እንደኖረች ነገረችኝ። ስለዚህ ያንቺን ጥያቄ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወደ ዱካኩ ልምጣ፣ ምክንያቱም በጣም ያስፈራሽ እሱ ነው። ሰው ሕልም በሚያይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል የሰውነትን ጡንቻ ያጠፋዋል። ባያጠፋው በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ሰውነት ግን ገና አልተፈታም። ዓይን ይገለጣል፣ እጅ አይታዘዝም፣ ደረት የተጫነ ይመስላል። ሕልሙ ስላላለቀም ክፍሉ ውስጥ ጥላ ይታያል። ሰከንዶች፣ ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው። በመላው ዓለም ሰዎች ይህንኑ ጥላ ያያሉ፤ እያንዳንዱ ሕዝብም የራሱ ስም አለው። የሚያባብሰው ምን መሰለሽ? የእንቅልፍ ማነስ፣ የእንቅልፍ ሰዓት መዘበራረቅ፣ ጭንቀት፣ በጀርባ መተኛት።

አንቺ በሳምንት ሦስት ሌሊት አትተኚም። በተረፉት ሌሊቶች ሥራ ስለማጣትሽ ታስቢያለሽ። ዱካክ እንዲመጣ እንዲህ አድርጎ የሚያመቻች የለም። ዱካኩን ለማስለቀቅ ደግሞ ሌላ አዳር ትጨምሪያለሽ። አዳሩን ለጊዜው ተዪው። እባክሽ። መዝሙር 127 ለሚወዳቸው እንቅልፍን ይሰጣል ይላል፤ እንቅልፍ ከእግዚአብሔር እጅ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተኚ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሺ፣ በጎንሽ ተኚ። ዱካኩ ሲመጣ አትታገዪው። አንድ ጣት ወይም ምላስሽን ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ፣ በልብሽም «ኢየሱስ» በይ። ጮክ ብሎ መቃወም አያስፈልግም፤ ስሙ በድምፅ ከፍታ አይሠራም። ይህን አድርገሽ በአንድ ወር ካልቀነሰልሽ ለሐኪም ንገሪው።

ገንዘቡን አትስጪ።

እዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በብር ለመግዛት ሲሞክር ጴጥሮስ «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» አለው። መስጠት መልካም ነው፤ አሥራትሽን፣ ለድሃ የምትሰጪውን ማንም አይከለክልሽም። ነገር ግን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚከፈል ዋጋ የለም። ተከፍሏል። ገላትያ 3፥13 ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን ሆኖ ዋጀን ይላል። የተከፈለውን ዕዳ ደግመሽ ክፈይ የሚልሽ ሰው የመጀመሪያውን ክፍያ አላመነበትም። ያ ዕቁብ ስንት ወር ከአፍሽ ቀንሰሽ የጣልሽው ነው። የቤት ኪራይሽን ክፈዪበት። የቀረውን ለሥራ ፍለጋሽ አድርጊው። ሱቁ የተዘጋው ቤቱ ስለፈረሰ ነው። ከአንቺ ጋር የሠሩት ልጆችም ሥራ አጥተዋል፤ የእነሱ ሁሉ አያት ዕዳ አልነበረባትም። እጮኛሽ ለምን እንደራቀ አላውቅም። እሱን መጠየቅ ይቻላል። ካልመለሰ ደግሞ ያ ራሱ መልስ ነው፣ ያማል፣ ያልፋል።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ። ሕይወት እንዲበዛልን ከመጣ የእኔ የት አለ?

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ስማቸውን ሰምተሽ ይሆናል። በደርግ ጊዜ በተደጋጋሚ ታሰሩ። ከአገር ለመውጣት ዕድል አግኝተው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። የት እንደተቀበሩ እንኳን ለዓመታት አልታወቀም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ተደብድበው፣ ወደ 10 ዓመት ታሰሩ። ያቺ ሴት ባሏንም፣ ቤቷንም፣ ጤናዋንም አጥታለች። ዛሬ በአንዳንድ መድረክ ብትቀርብ «በር ከፍተሻል» ይሏት ነበር። እኔ ግን ከእስር ወጥታም በእምነቷ የጸናችውን ሴት ሳስብ የበዛ ሕይወት ምን እንደሆነ ትንሽ ይገባኛል።

ዮሐንስ «እንዲበዛላቸው» ያለበት ቃል፣ አምስቱ እንጀራ ከተበላ በኋላ የተረፈውን ከሚናገረው ቃል ጋር በግሪኩ ሥሩ አንድ ነው። የተረፈ፣ ከበቂ በላይ የሆነ ማለት ነው። ያን ቀን ሕዝቡ ሀብታም ሆኖ አልተመለሰም። በልቶ ጠገበ፣ ተረፈም። በማግስቱ ግን እንደገና ራበው። የተትረፈረፈ ሕይወት ችግር የማይገባበት ሕይወት ነው ብለው ለአንቺ የነገሩሽ ሰዎች ያልተጻፈ ተስፋ ሰጥተውሻል። ከዚያ ተስፋው ሲቀር ጥፋቱን ባንቺ ላይ አደረጉት። ሐዘኔ እዚህ ላይ ነው። ችግርሽ ብቻውን ይበቃሽ ነበር፤ ችግሩ ባንቺ ጥፋት መጣ የሚል ሌላ ሸክም ጨመሩብሽ።

ያንቺ የበዛ ሕይወት የት እንዳለ ከዚህ ሆኜ ሙሉውን ልነግርሽ አልችልም። አንዱን ግን ደብዳቤሽ ላይ አይቼዋለሁ። በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

የምትሄጂበትን ቤተ ክርስቲያን ለመቀየር አትቸኩዪ። በመጀመሪያ የምታውቂያቸውን አንዲት በዕድሜ የገፉ እህት ፈልጊ፣ ቃሉን የሚያነቡ፣ ቤታቸው የሚጸልዩ። ለእኔ የጻፍሽውን ንገሪያቸው። አብረውሽ ይጸልዩ። የሚያገለግልሽ ማንኛውም ሰው «ይህ የት ተጽፏል?» ብለሽ ስትጠይቂው ከተቆጣ፣ ትተሽው ሂጂ። ለጸሎትሽ ማታ ማታ መዝሙር 91ን አንብቢና ተኚ። ረጅም ጸሎት ካቃተሽ «ጌታ ሆይ፣ አለሁ፤ አለህ» ማለት ይበቃል።

አክስትሽ ዘንድ ቅዳሜ ሂጂ። በስልክ አይሁን፣ ሄደሽ ቁሚ። ድፎውን እንደጣልሽው ንገሪያት ወይስ አትንገሪያት ብለሽ እንደምትጨነቂ ይገባኛል። በመጀመሪያው ቀን አትንገሪያት። «እቴቴ፣ ፈርቼ ነበር፤ አጥፍቻለሁ» በያት። ምን እንዳስፈራሽ ከጠየቀችሽ እውነቱን ንገሪያት። ካልጠየቀችሽ ተያት፣ ቀን አለ። ብታለቅስ አልቅሺ። ብትቆጣ ስሚያት፤ መብቷ ነው።

በዚያ ጉልበቷ አራት ፎቅ ደረጃ የወጣችው ትኩስ ድፎ በኮባ ተጠቅልሎ በእጇ ይዛ ነው። ኤልያስ ራስጌው ያገኘውን እንጎቻ ማን እንደጋገረው አልተጻፈም። ያንቺን የጋገረችው ሴት ግን አድራሻዋ ይታወቃል። ጉልበቷን ሐኪም አይቶላት እንደሆነ ጠይቂያት፤ ካላየላት ሰኞ አንቺ ውሰጃት።